የአንገት ዕጢ ከልኩ በላይ ሲሠራ

(በሰፈራችን ነዋሪዎች ማኅበር ወርኃዊ ስብሰባ ላይ፣ በጡረታ ላይ በሚገኙ አንዲት የሰፈራችን ነርስ የቀረበ የጤና ንግግር። በስብሰባው ላይ ላልተገኛችሁ እንዲደርሳችሁ በማለት እንደተነገረ ጽፈን በሰሌዳው ላይ አውጥተነዋል።)



ሊቀ መንበራችን «በዚህ ወር ስለ ጤና አንድ ነገር ብትነግሪን» ሲሉኝ፣ ስለ ደም ግፊትና ስለ ስኳር እንደምናገር ገምተው እንደነበር አውቃለሁ። ስለ ሁለቱ ግን ብዙ ተብሏል፤ ወደፊትም ይባላል። እኔ ዛሬ የምናገረው በአንገታችን ላይ ስላለች አንዲት ትንሽ ዕጢ ነው። ዕጢዋ ታይሮይድ ትባላለች። እኛ የምናውቃት ስታብጥ ነው፤ ያን ጊዜ እንቅርት እንላታለን። ነገር ግን ሳታብጥም፣ ወይም ጥቂት ብቻ አብጣ፣ ከልኳ በላይ እየሠራች ሰውን ልትጨርስ ትችላለች።

ይህን ለምን እንደመረጥኩ ልንገራችሁ። ከእኛው መካከል አንዲት እናት አለች። አሁንም እዚሁ ተቀምጣለች፤ ስሟን እንዳልጠራ፣ ታሪኳን ግን እንድናገር ፈቅዳልኛለች። እንጀራ ጋግራ እየሸጠች ሦስት ልጆች የምታሳድግ ናት። ከሁለት ዓመት በፊት መክሳት ጀመረች። እንዳትበላ ሆና አይደለም፤ ትበላለች እኮ! ከማናችንም በላይ ትበላ ነበር። ክረምት ላይ እኛ ጋቢ ደርበን ስንንዘፈዘፍ እሷ በስስ ቀሚስ ሆና ላብ ያጠምቃታል። እንቅልፍ የላትም። በትንሽ ትልቁ ትቆጣለች፣ ወዲያው ደግሞ ታለቅሳለች። እጇ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ሊጡን ምጣድ ላይ ስታዞረው ክቡ ይጣመምባታል። ደንበኞቿም «እንጀራሽ ምን ሆነ?» ማለት ጀመሩ።

ሰፈሩስ ምን አለ? የምታውቁትን ነው። ገሚሱ «ያ በሽታ ነው» አለ፤ ሁለት ጊዜ የኤች.አይ.ቪ. ምርመራ አድርጋ ነፃ መሆኗን ሰማን፤ ወሬው ግን አልቆመም። ገሚሱ ዓይነ ጥላ ነው አለ። ጸበልም ሄደች፤ መሄዷን አልነቅፍም፣ እኔም እሄዳለሁ። የምነቅፈው ራሴን ነው። ቤቴ ድረስ መጥታ «ሲስተር፣ ልቤ ይመታል፣ ምን ይሻለኛል?» ስትለኝ፣ «ነርቭ ነው፣ ሐሳብ አታብዢ» ብዬ የቪታሚን ኪኒን ሰጥቼ ሸኘኋት። ሠላሳ ዓመት ነጭ ልብስ ለብሼ የሰው ገላ ስዳስስ የኖርኩ ሰው፣ እጄን አንገቷ ላይ አላሳረፍኩም።

የታወቀው እንዲያው በአጋጣሚ ነው። አንድ ለቅሶ ላይ ድንኳን ውስጥ አጠገቤ ተቀምጣ ስታለቅስ ላጽናናት ብዬ እጇን ያዝኩ። ጣቴ በልማድ የእጇ አንጓ ላይ ዐረፈ። ትርታዋን በሰዓቴ ብቆጥረው በደቂቃ 128 ሆነ፤ ያውም ቁጭ ብላ። ጤነኛ ሰው ዐርፎ ሲቀመጥ ከ60 እስከ 100 ነው። «ዋጥ አድርጊ እስቲ» አልኳትና አንገቷን አየሁ። ምራቋን ስትውጥ በማንቁርቷ ሥር አንድ እብጠት ወደ ላይ ወጣ፣ ተመልሶም ወረደ። ያን ለት አልተኛሁም።

እንግዲህ ይህች ዕጢ ምንድን ናት? ከማንቁርታችን በታች፣ የአየር ቧንቧችንን ከፊትና ከግራ ቀኝ አቅፋ የተቀመጠች፣ ክንፉን የዘረጋ ቢራቢሮ የምትመስል ናት። ክብደቷ ሃያ ግራም ገደማ ነው። ሥራዋ ከምግባችን ውስጥ አዮዲን የተባለውን ንጥረ ነገር ከደም እየለቀመች ሆርሞን ማዘጋጀት ነው። አንዱ ሆርሞን አራት አዮዲን ስላለው ቲ-4፣ ሌላው ሦስት ስላለው ቲ-3 ይባላል። ሆርሞኑ በደም እየተጓዘ ከጠጉራችን እስከ እግር ጥፍራችን ይደርሳል፤ ለያንዳንዱ የሰውነት ክፍል በምን ፍጥነት መሥራት እንዳለበት ይነግረዋል። ልብ በስንት እንደሚመታ፣ አንጀት በምን ያህል እንደሚፈጭ፣ ሰውነት ስንት ሙቀት እንደሚያወጣ የሚወሰነው በዚህ ነው። በምድጃ ብንመስለው ማገዶ የሚጨምርና የሚቀንስ እጅ ማለት ነው። እጁ ማገዶ ካበዛ ምጣዱ ይግላል፣ እንጀራው ያርራል፣ እንጨቱም ቶሎ ያልቃል። እኅታችን እየበላች የከሳችው ለዚህ ነው።

ሰፈራችን ንፋስ ስልክ የተባለው ያለ ሽቦ፣ በአየር መልእክት የሚያስተላልፍ ጣቢያ ስለነበረበት መሆኑን ትልልቆቹ ለልጆቻችሁ የምትነግሩት ነው። ሰውነታችንም ሁለት ዓይነት ስልክ አለው። ነርቭ በሽቦ እንደሚሄደው ነው፤ ሆርሞን ደግሞ እንደ ንፋስ ስልኩ ነው፣ ሽቦ የለውም፣ በደም ውስጥ ተለቆ የሚመለከተው ሁሉ ይሰማዋል። ታይሮይድም ብትሆን ዝም ብላ አትሠራም። ከአንጎል ግርጌ የአተር ፍሬ የምታህል ፒቱታሪ የተባለች ዕጢ አለች፤ ቲ.ኤስ.ኤች. የተባለ መልእክት እየላከች «ጨምሪ» ትላታለች። ሆርሞኑ ሲበቃ ፒቱታሪ መልእክቷን ትቀንሳለች። ሲያንስ ታበዛለች።

ይህንን ያመጣሁት ለማስተማር ያህል ብቻ አይደለም፤ ብዙ ሰው የምርመራ ወረቀቱን ይዞ የሚሳሳትበት ቦታ ስለሆነ ነው። ያች እናት ውጤቷን ይዛ መጥታ «ሲስተር፣ ቲ.ኤስ.ኤች. ዝቅ ብሏል አሉኝ፤ እንግዲህ ሆርሞኔ አንሷል ማለት ነው፣ የሚጨምር ነገር ልብላ?» አለችኝ። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ቲ.ኤስ.ኤች. ዝቅ ያለው ሆርሞኑ ሞልቶ ስለተረፈ፣ ፒቱታሪ ደንግጣ ዝም ስላለች ነው። ቲ.ኤስ.ኤች. ዝቅ፣ ቲ-4 ከፍ ካለ ታይሮይድ ከልክ በላይ እየሠራች ነው።

ለምን ታብዳለች? ዋናዎቹ ምክንያቶች ሁለት ናቸው። አንደኛው የግሬቭስ በሽታ ይባላል፤ የደብሊኑ ሐኪም ሮበርት ግሬቭስ እ.ኤ.አ. በ1835 ስለገለጸው ነው። በዚህ ጊዜ በሽታን ሊከላከልልን የሚገባው የራሳችን ሠራዊት ተሳስቶ የቲ.ኤስ.ኤች.ን ድምፅ የሚያስመስል ነገር ይሠራል። የሐሰት ደዋይ «ጨምሪ፣ ጨምሪ» እያለ ሲወተውታት ታይሮይድ እውነት መስሏት ትሠራለች። ዓይን እየወጣ የሚፈጥበትም በዚህኛው ነው፤ ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ደግሞ ዓይኑ ይብስበታል። ሁለተኛው ለብዙ ዓመት በቆየ እንቅርት ውስጥ ያሉ እባጮች ትእዛዝ መስማት ሲተዉና በራሳቸው ፈቃድ ሆርሞን ሲያመርቱ ነው። ይህ አዮዲን ባነሰበት አገር፣ ዕድሜያቸው በገፋ ሰዎች ላይ ይበዛል፤ ስለዚህ እኛን በቀጥታ ይመለከተናል። በሁለቱም ሴቶች ከወንዶች ብዙ እጥፍ ይታመማሉ።

ሽማግሌዎች ላይ ምልክቱ ይደበቃል። አይቁነጠነጡም፣ አይቆጡም፤ እንዲያውም ይደክማሉ፣ ይከሳሉ፣ ልባቸው ሥርዓት አጥቶ ይመታል። ልጆቻቸው «እርጅና ነው» ይላሉ። እንደዚህ የሚመታ ልብ ውስጡ ደም ሊረጋበት ይችላል፤ የረጋው ደም ወደ አንጎል ከሄደ ሰውየው ጎኑ ይሽባል። አባትና እናት በቤታችሁ ያላችሁ ይህን ልብ በሉ።

አሁን ወደ ሕክምናው ልሂድ። ዛሬ ሦስት መንገድ አለ፤ ኪኒን፣ ቀዶ ጥገናና ጨረር ያለው አዮዲን። ከሦስቱ ቀድሞ የመጣው ቀዶ ጥገናው ነው፤ አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። ስዊዘርላንድ እንደ እኛ ተራራማ፣ ከባሕር የራቀች፣ እንቅርትም የበዛባት አገር ነበረች። በበርን ከተማ ቴዎዶር ኮኸር የሚባል ቀዶ ሐኪም እንቅርት በማውጣት ስም አወጣ። ያን ጊዜ ዕጢዋ ምን እንደምትሠራ የሚያውቅ ስላልነበረ፣ ከሥሯ ሙልጭ አድርጎ ያወጣት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1874 አንዲት የ11 ዓመት ልጅ ቀዶ ላከ፤ ቁስሏ በደንብ ሻረ። ከዓመታት በኋላ ግን ልጅቱ ፈዛ፣ ፊቷ አብጦ፣ ታናሽ እህቷ በቁመት በልጣት ተገኘች። ኮኸር ደነገጠ፤ ሌሎቹንም በሽተኞቹን አስጠርቶ ሲያይ ዕጢዋ ሙሉ በሙሉ የወጣላቸው ብዙዎቹ እንደዚያው ሆነዋል። ስሕተቱን ሳይደብቅ እ.ኤ.አ. በ1883 ለሐኪሞች ጉባኤ ተናገረ። በዚያ ምክንያት ዓለም የታይሮይድን ሥራ ዐወቀ፤ እሱም እ.ኤ.አ. በ1909 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። እኔ ይህን ሰው የማከብረው በቢላዋው ሳይሆን ተመልሶ በሽተኞቹን በማየቱ ነው።

ዛሬ ዕጢዋ በሙሉ ወይም አብዛኛዋ ብትወጣ የጎደለውን ሆርሞን የሚተካ ኪኒን አለ፤ በየቀኑ ጠዋት በባዶ ሆድ ዕድሜ ልክ ይዋጣል። ይህንን ስትሰሙ «ዕድሜ ልክ!» ብላችሁ አትሸበሩ፤ ርካሽና ለሰውነት የሚስማማ ነው። በቀዶ ጥገናው ጊዜ የሚፈራው በዕጢዋ ጀርባ የሚያልፈው የድምፅ ነርቭ እንዳይነካ፣ እንዲሁም ካልሲየምን የሚቆጣጠሩት አራት ትናንሽ ዕጢዎች እንዳይጎዱ ነው። ከቀዶ ጥገና በኋላ ከንፈርና ጣት የሚደነዝዝ፣ የሚቆነጥጥ ከሆነ ሳይውል ሳያድር መናገር ያስፈልጋል።

ጨረር ያለው አዮዲን ለመጀመሪያ ጊዜ ለዚህ በሽታ የተሰጠው እ.ኤ.አ. በ1941 በቦስተን ነው። ብልሃቱ ቀላል ነው፤ ታይሮይድ አዮዲን ትስገበገባለችና የሚጎዳትን አዮዲን ራሷ ትውጠዋለች። ልዩ ክፍልና ልዩ ጥንቃቄ ስለሚጠይቅ በየሆስፒታሉ የሚገኝ አይደለም። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ፈጽሞ አትወስደውም። ጌይል ዴቨርስ የምትባለው አሜሪካዊት ሯጭ በግሬቭስ በሽታ ተይዛ፣ በዚህ ሕክምና ላይ ሳለች እግሯ ሊቆረጥ ምንም አልቀራትም ነበር ይባላል። ከዚያ ድና በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና ኦሎምፒክ በ100 ሜትር ወርቅ ወሰደች። የእኛዋ ደራርቱ ቱሉ በ10 ሺህ ሜትር ወርቅ ባመጣችበት በዚያው ኦሎምፒክ ማለት ነው።

በአገራችን ብዙው ሰው የሚጀምረው በኪኒን ነው፤ እኔም መናገር የምፈልገው ይበልጡን ስለዚህ ነው። ለብዙ ዘመን ስናየው የኖርነው ፕሮፒልታዮዩራሲል፣ በአጭሩ ፒ.ቲ.ዩ. የሚባለው ነው፤ ሜቲማዞልና ካርቢማዞል የሚባሉትም አሉ። ሥራቸው ዕጢዋ አዲስ ሆርሞን እንዳትሠራ ማገድ ነው። አሁን ጎተራ አስቡ። ወፍጮው ቢቆምም ጎተራው ውስጥ ያለው ዱቄት እስኪያልቅ ይበላል። ታይሮይድም የሁለት ሦስት ወር ሆርሞን አከማችታ የምታስቀምጥ ዕጢ ናት፤ ስለዚህ ኪኒኑ ዛሬ ተውጦ ነገ አያሽርም። ብዙውን ጊዜ ለውጡ በደንብ የሚታወቀው ከአንድ ወር በኋላ ነው። እስከዚያ ልብን የሚያረጋጋ፣ የእጅ መንቀጥቀጥን የሚቀንስ ፕሮፕራኖሎል ይሰጣል። አስም ያለበት ሰው ግን ይህን መድኃኒት ከመውሰዱ በፊት ለሐኪሙ መንገር አለበት፤ ከጎረቤት ተበድሮ መዋጥማ ጨርሶ አይሆንም።

የግሬቭስ በሽተኛ ኪኒኑን ከአንድ ዓመት እስከ አንድ ዓመት ተኩል ይወስዳል። ከዚያ ሲተወው ግማሽ ያህሉ ሰው እንደዳነ ይቀራል፣ ግማሹ ይመለስበታል። በእባጭ ምክንያት የመጣው ግን በኪኒን ይገታል እንጂ አይነቀልም፤ መጨረሻው ቀዶ ጥገና ወይም ጨረሩ ነው።

ያች እናታችን በአራተኛው ወር ተሻላት። ሥጋ መለሰች፣ እጇ ረጋ፣ የእንጀራዋም ክብ ተስተካከለ። «ድኛለሁ» ብላ ኪኒኑን ተወችው። እውነቱን እንናገር ካልን የተወችው ስለዳነች ብቻ አይደለም፤ መድኃኒቱ ከአንዱ ፋርማሲ ወደ ሌላው እየተፈለገ፣ ሲገኝም በጤፍ መግዣው ገንዘብ ነበር። ከሁለት ወር በኋላ ጉንፋን ያዛት፤ ጉንፋኑ ወደ ደረት ወረደ። እንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ እንዲሉ ሆነ። በዚያች ሌሊት ትኩሳቷ ነደደ፣ ልቧ በደቂቃ 160 መታ፣ ትቀባዥር ጀመር፣ ልጆቿንም አላወቀቻቸውም። ሐኪሞች የታይሮይድ ማዕበል ይሉታል። ከዚህ ማዕበል የማይመለስ ብዙ ነው። እሷን ታላቅ ልጇ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት የጎረቤት ታክሲ ቀስቅሶ ስላደረሳት ተመለሰች። አሁን እንደገና ኪኒኗ ላይ ናት፤ ሆርሞኗ ተስተካክሎ ለቀዶ ጥገና ተራዋን እየጠበቀች ነው። ሆርሞኑ ሳይረጋ ቢላዋ አይነሣም፤ ስለዚህ እስከዚያ ቀን አንድም ኪኒን መዝለል የለባትም።

ኪኒኑን የምትወስዱ ወይም የሚወስድ ሰው በቤታችሁ ያለ፣ ይህንን እንደ ስማችሁ ያዙት። ትኩሳትና የጉሮሮ ቁስለት በአንድነት ከመጣ ኪኒኑን አቁማችሁ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ሄዳችሁ ነጭ የደም ሴል ይቆጠርላችሁ። መድኃኒቱ አልፎ አልፎ በሽታ የሚከላከሉትን ሴሎች ያጠፋቸዋል፤ በጨውና ውኃ ጉሮሮ መጉመጥመጥ ለዚህ አይሆንም። የዓይን ነጩ ቢጫ ከሆነ፣ ሽንት እንደ ሻይ ከጠቆረ ደግሞ ጉበት እየተነካ ነው፤ ያም አይታደርም። ማርገዝ ያሰበች ወይም ያረገዘች እናት በራሷ ኪኒኑን አታቁም፤ ነገር ግን የመድኃኒቱ ዓይነት በእርግዝናው ወራት ሊለወጥ ስለሚችል ፈጥና ለሐኪሟ ትናገር። ባይታከም ለእናቲቱም ለጽንሱም የከፋ ነው።

ስለ ጨው ሳልናገር ብወርድ ደግሞ ትታዘቡኛላችሁ። የእናቶቻችን አንገት በንቅሳት ያጌጠው ለውበት ብቻ አልነበረም፤ እንቅርት እንዳይወጣ ነው የሚሉም ነበሩ። እንቅርት በደጋው አገራችን እንዲህ የተለመደ ነበር። ምክንያቱ ዝናብና ጎርፍ ለዘመናት አዮዲኑን ከአፈሩ አጥቦ መውሰዱ ነው። ጨዋችን አሁን በብዛት የሚመጣው ከአፋር፣ ከአፍዴራ ነው፤ አዮዲን ካልተጨመረበት ለዚህ አይረዳም። በ2003 ዓ.ም. ለምግብ የሚሸጥ ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲኖረው ደንብ ወጣ። በዚያው ዓመት በተደረገው አገር አቀፍ የቤተሰብ ጥናት ከመቶ ቤት አዮዲን ያለው ጨው የተገኘው በ15ቱ ገደማ ብቻ ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. ጥናት ግን ከአሥር ቤት ወደ ዘጠኙ ደርሷል። ትልቅ ነገር ነው። አንድ ሰው ዕድሜ ልኩን የሚያስፈልገው አዮዲን ቢጠራቀም አንድ የሻይ ማንኪያ አይሞላም፤ ግን በየቀኑ ጥቂት ጥቂት መግባት አለበት።

ጨዋችሁን በክዳን ዕቃ፣ ከፀሐይና ከእርጥበት አርቃችሁ አስቀምጡ። ወጡ ሊወጣ ሲል ጨምሩት። አጥባችሁ የምትጠቀሙ እናቶች አላችሁ፤ ስታጥቡት አዮዲኑ ከውኃው ጋር ይደፋል። አንድ ጥያቄም ከወዲሁ ልመልስ። ያረጀ እንቅርት ያለበት ሰው አዮዲን ያለው ጨው ሲጀምር አንዳንዴ ታይሮይዱ ሊፈጥን ይችላል፤ በሌሎችም አገሮች ታይቷል። ይህ ግን ጨውን ለመተው ምክንያት አይሆንም፤ የቆየ እንቅርት ያለበት ሰው እንዲመረመር ምክንያት ነው።

አንድ ሐሳብ ለእድራችን አለኝ፤ ቅር የሚለው ካለ ይናገር። እኛ ለሞተ ሰው ድንኳን እንተክላለን፣ ወንበር እንደረድራለን፣ ንፍሮ እንቀቅላለን። ለታመመ ግን በደንባችን ውስጥ አንድም ቃል የለም። ያች እናት ኪኒኗን በተወችበት ወር እንኳ የእድር መዋጮዋን አላስታጎለችም፤ መዝገቡን አይቻለሁ። ብትሞት ኖሮ የምናወጣላት ገንዘብ የብዙ ወራት ኪኒን ይገዛ ነበር። በማኅበረሰብ ጤና መድን የታቀፋችሁ ብዙው ወጪ እንደሚሸፈንላችሁ አውቃለሁ፤ መድኃኒቱ ከጤና ተቋሙ ሲጠፋ ግን ከውጭ መግዛት ይመጣል። ስለዚህ ከመዋጮው ጥቂት ተነሥቶ፣ ለምርመራና ለመድኃኒት የሚሆን ተመላሽ ብድር እንዲቋቋም በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ አጀንዳ ይያዝልኝ። ሊቀ መንበራችን ራሳቸውን ሲነቀንቁ አያለሁ፤ መስማማት ይሁን መከልከል አልለየሁም።

ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት በእድሩ አዳራሽ እቀመጣለሁ። ትርታ እቆጥራለሁ፣ አንገት እዳስሳለሁ፣ የደም ግፊትም እለካለሁ። ክፍያ የለም። የሚያጠራጥር ሰው ካገኘሁ ወደ ጤና ጣቢያ የሚሄድበትን ወረቀት እጽፋለሁ። ስትመጡ የምትወስዱትን ኪኒን ሁሉ ከነማሸጊያው፣ የምትጠቀሙበትንም ጨው ከነላስቲኩ ይዛችሁ ኑ። አንገት ልብሳችሁን የላላ አድርጉት፤ አንድ ብርጭቆ ውኃም ያስፈልጋችኋል፣ ዋጥ አድርጉ እላለሁና።